ፎጣ የሌለው ገበያ

ጋሽ ደጀኔ ማረፋቸውን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልእክት ገባና ስልኬን አንስቼ ሳይ «ወንድማችን አቶ ደጀኔ ዛሬ ረፋዱ ላይ ወደ ጌታ ተሰብስበዋል» ይላል። ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶችና ለጸሎት የተጋጠሙ እጆች ወዲያው ይደረደሩ ጀመር። እኔም ማልቀስ ፈልጌ ነበር፣ እንባዬ እምቢ አለኝ። የመጣብኝ ንዴት ብቻ ነው። በማን ላይ እንደተናደድኩ ግን እስካሁን አላወቅኩም፤ ጋሽ ደጀኔም በማን ላይ መናደድ እንዳለባቸው ሳያውቁ ነው የሄዱት።

ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ሳምንት ሆስፒታል ሄጄ አይቻቸው ነበር። እዚያ የሆነውን ለማንም አልተናገርኩም። ለመናገር መጀመሪያ ሰውየውን ማሳወቅ አለብኝ።

እኔና እናቴ አሜሪካ መጥተን አትላንታ አጠገብ ያለችው ማሪዬታ ስንገባ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጋሽ ደጀኔ ከእኛ በታች ባለው አፓርትመንት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው አገር ቤት ሳሉ ሞተውባቸዋል፣ ልጅ አልነበራቸውም። እሑድ እሑድ የሰፈሩን ልጆች ባረጀች ቫናቸው ጭነው ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሱን እሳቸው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎንበስ ያሉ ሰው ናቸው። ትከሻቸው ላይ አረንጓዴና ቀይ መስመር ያላት የሳሳች ፎጣ አትጠፋም። በፎጣዋ ላብ ይጠርጋሉ፣ የመኪና መስተዋት ይወለውላሉ፣ ጸሎት ሲረዝም ጭናቸው ላይ ዘርግተው እጃቸውን ከሥሯ ይከታሉ። እናቴ አንድ ጊዜ አዲስ ገዝታ ብትሰጣቸው መርቀው ተቀበሉና በሳምንቱ ለሌላ ሰው ሰጡት። እናቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻቸውም።

የፎጣዋን ነገር የነገሩኝ እዚያችው ቫን ውስጥ ነው። ሐረርጌ ሳሉ የከብት ደላላ ነበሩ። እሳቸው በነበሩበት ገበያ ሻጭና ገዢ ዋጋ በአፍ አይጠራሩም። ደላላው ሁለቱን ያቀራርባል፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ በላዩ ላይ ፎጣ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ንግግሩ የጣት ነው። አንድ ጣት ቢያዝ አንድ ዋጋ ነው፣ አምስቱም ቢጨበጡ ሌላ ዋጋ፣ ጣት አጥፎ ጫን ማድረግ ደግሞ ከዚያ ላይ ቀንስ ማለት ነው። ዙሪያውን የቆመው ሰው የሁለቱን ፊት ያያል እንጂ ዋጋውን አያይም። ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ጠፍ ያደርጋሉ፤ በቃ፣ አለቀ።

«ለምን ይደበቃል ግን?» አልኳቸው።

«አየሽ ሩት፣ አንዱ ሰው ሃያ በሬ ነድቶ መጣ እንበል። ሃያውንም ሸጦ ለመመለስ እንደቸኮለ ገበያው ካወቀበት ማን ደህና ዋጋ ይሰጠዋል? ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይጠብቀዋል። ፎጣዋ ለሱ ናት። ችግሩን ትሸፍንለታለች።»

ያኔ ለእኔ ጨዋታ ነበር። እሳቸው መዝሙር ማድመጥ ይፈልጋሉ፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ የትምህርት ቤት ጓደኞቻችን የሚያደምጡትን ሬዲዮ እንፈልጋለን። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ፎጣዋን እጄ ላይ ጣል ያደርጉና ድርድሩ ይጀመራል። ሦስት መዝሙር፣ ከዚያ ሁለት የኛ። እኔ አንድ ጣታቸውን አጠፋለሁ፣ እሳቸው ይመልሱታል። ከኋላ ያሉት ልጆች «ስንት ተባለ? ስንት?» እያሉ ይንጫጫሉ። ጋሽ ደጀኔ ፊታቸው ላይ ምንም አይታይም። የተስማማነውን ግን አንድም ቀን አላጠፉም፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሰን የኛ ሁለተኛው ዘፈን ካላለቀ ሞተሩን ሳያጠፉ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። መጋቢው አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው ከቫናችን የሚወጣውን ሙዚቃ ሲሰሙ ያዩዋቸውን አስተያየት አልረሳውም።

ሌላ የማልረሳው ቫኗ ሞታ አዲስ መኪና ሲገዙ ነው። ለማስተርጎም ይዘውኝ ሄዱ። ሻጩ ክራባት ያጠለቀ ግዙፍ አሜሪካዊ ነው። ጋሽ ደጀኔ መኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞሯት፣ ጎማዋን ዳሰሱ፣ ከዚያ መጥተው የሰውየውን እጅ ያዙና ፎጣቸውን ጣል አደረጉበት። ሰውየው ደንግጦ እጁን ሊነጥቅ ሲል እኔን አየኝ። «ምን እየተደረገ ነው?» አለኝ። «ዋጋ እየነገሩህ ነው» አልኩት። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ፤ ቀጥሎ ግን ሳቀ፣ እጁንም አልነጠቀም። ግማሽ ሰዓት ያህል በጣት ተከራከሩ፣ እኔ መሃል ቆሜ የጣቱን ቁጥር በእንግሊዝኛ እነግረዋለሁ። መጨረሻ ላይ መስታወቱ ላይ ከተለጠፈው ዋጋ ደህና አድርጎ ቀነሰላቸው። ስንወጣ ጋሽ ደጀኔ ፈገግ ብለው «ጥሩ እጅ አለው» አሉኝ። ሰውን ሲያደንቁ እንዲህ ነው የሚሉት።

ያ ግን የመጨረሻ የዋጋ ክርክራቸው ሆነ። አሜሪካ ቀስ በቀስ አስተወቻቸው። ሱፐርማርኬቱ ውስጥ የተለጠፈው ዋጋ ካሸሩ ጋ ስትደርስ ያው ነው፣ ታክሱ ይጨመርበታል እንጂ ክርክር የለም። ቤንዚን ማደያው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ያው ነው። መጀመሪያ ላይ የዋጋ ወረቀት ሲያዩ «ወሬ ነው እሱ» ይሉ የነበሩት ሰውዬ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የተጻፈን ነገር የሚያምኑ ሰው ሆኑ። «እዚህ አገር የጻፉትን ያከብራሉ» ይሉ ነበር። ይሄን የምናገረው በኋላ ለደረሰው ነገር ሰበብ ስለሚሆን አይደለም። ሞኝ ነበሩ የሚሉ ስላሉ ነው። ሞኝ አልነበሩም።

ከማሪዬታ ወጣ ብላ ባለችው ኬኔሶ፣ የሆስፒታል አልጋ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ገብተው ብዙ ዓመት ሠሩ። ከቤተ ክርስቲያናችን እሳቸውን ጨምሮ ሰባት ሰዎች እዚያ ነበሩ። ፍራሽ የሚሰፉት እትዬ አልማዝ ከጋሽ ደጀኔ ቀጥሎ ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳው ሳሚ ከሁሉም ያንሳል። ድርጅቱ ትንሽ ነው፣ ቢሆንም አክሲዮን ገበያ ላይ የተመዘገበ ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ እየቆረጠ የራሱን አክሲዮን በቅናሽ ይሸጥላቸው ነበር። ሁሉም ዝም ብለው አጠራቀሙ።

በዚህ መሃል እኔ ኮሌጅ ጨርሼ እዚሁ አትላንታ ለአክሲዮን ገበያዎች ኮምፒውተርና መስመር በሚያቀርብ ድርጅት ሥራ ያዝኩ። እናቴ ለሰው ስታስረዳ «ኮምፒውተር ትጠብቃለች» ትላለች፤ ትክክል ነች። የአክሲዮን ዋጋ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲሄድ እንዳይዘገይ እጠብቃለሁ። ዓይን እስኪርገበገብ ያለው ጊዜ ለእኛ በጣም ረጅም ነው። ከእኛ ደንበኞች ብዙዎቹ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ሺህ ጊዜ ገዝተው ሺህ ጊዜ የሚሸጡ ማሽኖች ያሏቸው ናቸው። ሥራዬ ለእነሱ መንገድ መጥረግ ነው ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ ፋብሪካው ኬኔሶ ያለውን ቅርንጫፍ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሰባቱም ሌይኦፍ ሆኑ፣ ከሥራ ተሰናበቱ። ሌላ ቢሆን በየፊናው ይበተን ነበር። ጋሽ ደጀኔ ግን ሰበሰቧቸው። ማሪዬታ ውስጥ አንድ ላውንድሪ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ አለ፤ ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፣ ጡረታ ሊወጣ ነው። ሰባታችንም አክሲዮናችንን ሸጠን ላውንድሪውን እንግዛ አሉ። አንዱ አለቃ አንዱ ተቀጣሪ አይሆንም፤ ሁሉም እኩል ያዋጣል፣ ሁሉም እኩል ይሠራል። እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ሁለት መቶ አክሲዮን ይሸጣሉ ተባለ። ስልካቸው ላይ ዋጋው አሥራ አራት ዶላር ይላል። ባለቤቱ እስከ ዓርብ ቀብዱ ካልተሟላ ለሌላ እሸጣለሁ ስላለ ጊዜ አልነበራቸውም።

እትዬ አልማዝ ቤት ተሰብስበው ጋሽ ደጀኔ ከስድስቱም ጋር አንድ በአንድ በፎጣዋ ሥር እጅ ተያያዙ፣ በአሥራ አራት ተስማሙ፣ መዳፍ ጠፍ አደረጉ። ሳሚ ሳቁ እያመለጠው እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። ለጋሽ ደጀኔ ግን ቀልድ አልነበረም። ደላላ ሆነው ቃል ገቡ፦ ሰባታችሁም በአንድ ዋጋ ትወጣላችሁ፣ ማንም ከማንም አያንስም።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ደወሉልኝ።

«ሩት፣ ነገ ጠዋት ማርኬቱ እንደተከፈተ አክሲዮኑን ሴል እናደርጋለን፣ እንሸጣለን። ሰባታችንም በአንድ ጊዜ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንደሱ አያድርጉ! ጠዋት ሲከፈት በጣም መጥፎ ሰዓት ነው።»

«ምን ነካሽ? ከብት እኮ ጠዋት ውሃውን ጠጥቶ፣ ፀሐይ ሳይመታው ነው የሚቀርበው።»

«ይሄ ከብት አይደለም። ስሙኝማ፣ የናንተ ካምፓኒ ትንሽ ነው፣ በቀን የሚገዛው ጥቂት ነው። ስምንት ሺህ ምናምን ሼር በአንዴ ብትጥሉበት ዋጋው ይወርዳል። መቶ መቶ እያደረጋችሁ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብላችሁ ሽጡ።»

«አሥራ አራት ይላል እኮ።»

«ይላል። ከአሥራ አራቱ አጠገብ ያለችውን ቁጥር አይተዋታል? መቶ ነው የምትለው። በአሥራ አራት እገዛለሁ ያለው መቶ ብቻ ነው የፈለገው። እሱም ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። የሚሸጠው ብዙ መሆኑን ካወቀ እናንተ ጨርሳችሁ ሳትጫኑ ዋጋውን ያወርደዋል።»

ወረቀት ላይ የሚጽፉ መሰለኝ። ከዚያ «እሺ፣ ቆራርጠን እንሽጥ» አሉኝ። «የማንን መቶ እናስቀድም?»

«እንዴት?»

«የመጀመሪያው መቶ የማን ይሁን? የአልማዝ? የሳሚ? ዋጋው ከሰዓት ቢወርድስ፣ የመጨረሻው መቶ የማን ሊሆን ነው? እኔ ቃል ገብቻለሁ ሩት።»

አሁን ሳስበው መልሱ ቀላል ነበር። ያገኛችሁትን ሁሉ አንድ ላይ አድርጋችሁ ለሰባት ተካፈሉት ማለት ብቻ ነበረብኝ። ልክ በዚያች ደቂቃ ግን ጠረጴዛዬ ላይ አላርም ጮኸ። ከመስመሮቻችን አንዱ ዘግይቷል። ምን ያህል እንደዘገየ ብናገር ሰው ይስቅብኛል፤ ሰከንድ ለሚሊዮን ተከፍሎ ከዚያ ጥቂት ነው። «ጋሼ፣ መልሼ ልደውልልዎት» አልኩና ወደ አላርሙ ሮጥኩ። መስመሩ ተስተካከለ፣ አለቃዬ አመሰገነኝ። ለጋሽ ደጀኔ መልሼ አልደወልኩም። ረሳሁ።

በማግስቱ ጠዋት ነው ትዝ ያለኝ። ገበያው ከተከፈተ አምስት ደቂቃ ሊሞላው ነበር። የፋብሪካውን አክሲዮን ስክሪኔ ላይ አወጣሁና በሌላ እጄ ስልኬን አነሳሁ። በዚያች ሰዓት እነሱ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ጸልየዋል። እኔ መልሼ ስላልደወልኩ ቆራርጦ መሸጡን ትተውታል። እያንዳንዱ አውራ ጣቱን ስልኩ ላይ ደቅኗል። ጋሽ ደጀኔ በአንድ እጃቸው ስልካቸውን ይዘው በሌላው ፎጣዋን ከፍ አድርገዋታል። ፎጣዋ ጠረጴዛው ላይ ስታርፍ ሁሉም ይጫናል፣ ማንም አይቀድምም፣ ማንም አይቀርም። እትዬ አልማዝ ናቸው ይሄን የነገሩኝ።

እኔ ያየሁት ቁጥሩን ነው። አሥራ አራት ይል ነበር፣ አሥራ አንድ አለ። አሥራ ሦስትን አላየሁም፣ አሥራ ሁለትንም አላየሁም። ስልኩ ገና አልጠራም ነበር። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት፤ ምን ብዬ ልናገር? ከዚያ ቁጥሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ሆነ። አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ወደ አሥራ አራት ሊጠጋ ትንሽ ቀረው። ከእነሱ ሌላ የሚሸጥ አልነበረምና ዋጋው ወደ ቤቱ ተመለሰ። በአሥራ አንድ የገዙት ማሽኖች በዚያችው ሃያ ደቂቃ መልሰው ሸጠው ወጥተዋል። የማየው ሁሉ እንደ ሕጉ ነው፣ አንድም ጥፋት የለበትም።

ስልኬ ጠራ።

«ሩት» አሉኝ።

«አቤት ጋሼ።»

«አሥራ አራት ነበር እኮ። ሁላችንም አይተናል።»

«አውቃለሁ። እኔም አይቻለሁ።»

«ስንነካው ጠፋ።»

ከኋላቸው የእትዬ አልማዝ ድምፅ ይሰማኛል፤ የኔ ልክ ነው ወይ፣ አንድ ሰው ይይልኝ ይላሉ።

ከሥራ እንደወጣሁ አዳራሹ ሄድኩ፤ ሰባቱም ተሰብስበው ጠበቁኝ። የዚያችን ሰከንድ ግብይት ሁሉ አትሜ ይዤ ነበር፤ ለማንም ክፍት የሆነ መረጃ ነው። ብዙ ገጽ ሆነ። ጋሽ ደጀኔ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። መቶ። መቶ። ሠላሳ ስድስት። ሰባት። መቶ። ሦስት። አንድ።

«እኔ የሸጥኩት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው። የታለ?»

«ይሄው ነው ጋሼ፤ ተቆራርጦ ነው።»

«ሰንጋ አቀረብኩ ስል በኪሎ ቸረቸሩት በይኛ።» ጣታቸው ሦስቷ ላይ ቆመች። «ይቺን ሦስት ፍሬ የገዛው ምን ሊያደርጋት ነው?»

«ሊቀምስ ነው። ከኋላዋ ስንት እንዳለ ለማወቅ ነው። ብዙ መኖሩን ሲያውቅ አሥራ አራት ያለውን ይሰርዝና ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። ሌሎቹም ያንን አይተው ይሰርዛሉ።»

ይሄን ነገር ኮሌጅ ለተማሩ ሰዎች አስረድቻለሁ፣ ሁለት ሦስቴ ይጠይቁኛል። ጋሽ ደጀኔ ወዲያው ገባቸው። «ችግራችንን አይቶ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ፎጣ የለውማ ገበያችሁ» አሉኝ። ገበያችሁ ያሉት ነገር አመመኝ። ለመከላከል ብዬ ነው መሰለኝ የማይባል ነገር ተናገርኩ፦ «አለ እኮ ጋሼ። በብዛት የሚሸጡ ትልልቅ የገንዘብ ድርጅቶች የሚሸጡት ብዛት የማይታይበት የራሳቸው ቦታ አላቸው።»

«ለኛስ?»

ወረቀቶቹን አስተካክዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

የከፋው ግን ይሄ አልነበረም። በየስልካቸው ሲታይ ሳሚ የሸጠበት በአማካይ አሥራ ሦስት ተኩል ገደማ ወጣ። ሌሎቹ ከዚያ በታች፣ በታች እያሉ እትዬ አልማዝ ጋ ሲደርስ አሥራ አንድ ከምናምን ሆነ። ከሰባቱ አንዱ ወረቀቱን አየና «ሳሚ ቀድሞ ተጭኗል ማለት ነዋ» አለ። ሳሚ ፊቱ ተለዋወጠ። ጋሽ ደጀኔ ተነሱ። ሲቆጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

«ሳሚ አልቀደመም! ጣቱን እያየሁ ነው ፎጣዋን የለቀቅኩት።»

እኔ ደግሞ እውነቱን ብናገር የሚበርድ መሰለኝ። «የሳሚ ስልክ አዲስ ነው፣ ኔትወርኩም ጥሩ ነው» አልኩ። «በሩብ ሰከንድ ቀድሞ ነው የደረሰው። ሩብ ሰከንድ ምንም ማለት አይደለም፣ እሱ አላወቀውም።» ሰዎቹ የሰሙት ቀድሞ የሚለውን ብቻ ነው። እትዬ አልማዝ ሳሚን ቀና ብለው አዩት፣ ከዚያ አቀረቀሩ። ጋሽ ደጀኔ ደግሞ እኔን አዩኝ።

ላውንድሪው ዓርብ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ሁሉም ተደምሮም አልሞላም ነበር። ሳሚ ልዩነቱን በፖስታ አድርጎ እትዬ አልማዝ ቤት ወሰደ። እሳቸው «እግዚአብሔር የሰጠህን ልቀበልህ አልችልም» ብለው መለሱለት። እሱ በሰው ላከ፣ እሳቸው በሰው መለሱ። መጨረሻ ላይ ፖስታው የመባ ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ሳሚ ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አልመጣም፤ ሌላ ቦታ ያመልካል ይባላል።

ጋሽ ደጀኔ መሃል ከተማ ዳውንታውን፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሥራ አገኙ፣ ከእኔ ቢሮ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ። ጠዋት ጠዋት በእግሬ ሳልፍ ገንዘብ ከሚቀበሉባት ጠባብ ጎጇቸው አንገታቸውን ብቅ ያደርጉና «አገኘሽው?» ይሉኛል።

«ማንን ጋሼ?»

«የገዛውን ነዋ።»

መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። እሳቸው ባደጉበት ገበያ ደላላ ሁለቱንም እጅ ያውቃል። ከሽያጭ በኋላ ጠብ ቢነሳ ገዢውን ይዞ መጥቶ ከሻጩ ፊት ያቆማል፤ ይሄው ሰውየው፣ ይሄው ዋጋው፣ እኔ አላጭበረበርኩም ይላል። እሳቸው የፈለጉት ገንዘብ አልነበረም። ያንን ሰው ይዘው እነ እትዬ አልማዝ ፊት ሊያቆሙት ነበር። ሳሚን ነፃ ለማውጣት ሌላ መንገድ አላገኙም።

«ስም የለውም ጋሼ» እላቸዋለሁ። «ወረቀቱ ላይ ስም አይወጣም። ቢወጣም አንድ ሰው አይደለም። ኒው ጀርሲ አንድ መጋዘን የሚያህል ቤት አለ፣ ውስጡ ማሽን ብቻ ነው። ገዝተው እንኳ አላስቀመጡትም፣ ወዲያው ሸጠውታል።»

«ማሽኑን የቀሰቀሰው ሰውማ ይኖራል።»

«ይኖራል። ግን እሱ እናንተን አያውቃችሁም። በዚያች ሰዓት ቡና ሊገዛ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።»

«ደህና። ከቡናው ሲመለስ ጠይቂልኝ።»

አለቃዬን ጠየቅኩት። ሳቀና «ሁሉም ሊጋል ነው ሩት፣ ሕጋዊ ነው፣ ምን ታስቢያለሽ?» አለኝ። ትክክል ነው። በትክክል ነገር ላይ ምን ይባላል? ከዚያ በኋላ «አገኘሽው?» የምትለዋን ቃል መስማት አቃተኝ። ሳልናገር መንገድ ቀየርኩ፤ ሁለት ሳምንት ያህል በሌላ ጎዳና ዞሬ ገባሁ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አገኙኝና «መንገድ ቀየርሽ እንዴ?» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። የምገባበት ጠፍቶኝ መዋሸት ጀመርኩ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ አለፉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም። በነጋታው በጎጇቸው በኩል ሳልፍ «ደህና አደርሽ ልጄ» አሉኝ፣ በቃ። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ታመሙ፤ ሕመሙ የቆሽት ነበር። ታወቀ ሲባል ጊዜ አልሰጣቸውም። ሆስፒታል ስሄድ እትዬ አልማዝ አጠገባቸው ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡላቸው ነበር። እትዬ አልማዝ ሲያስታምሙ ከረሙ፤ ቂም የሚይዙ ሰው አይደሉም፣ የሳሚን ስም ብቻ አያነሱም። ውሃ ሊያመጡ ወጡና ሁለታችን ቀረን። የተኙበት አልጋ የጎን ብረቱ፣ ቁልፉ፣ ጎማው ሁሉ እዚያ ኬኔሶ የሚሠራውን ዓይነት ነበር። እሳቸውም አይተውታል መሰለኝ፤ እጃቸው የጎን ብረቱን እየዳሰሰ ነበር።

«እጅሽን አምጪ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ፎጣዋን ከትራሳቸው ሥር ስበው እጃችን ላይ ጣሏት። እጃቸው ቀዝቃዛና ቀላል ነበር። አምስቱንም ጣቶቼን ጨበጡ፣ ለቀቁ፣ እንደገና አምስቱንም ጨበጡ። አሥር። ከዚያ ጠቋሚዬን፣ የመሃሏን፣ ቀጥሎ ያለችውን፣ ትንሿን፤ አንድ በአንድ። አሥራ አራት። ስንት ዓመት አልፎም ጣቴ አልረሳም። ቀና ስል እንደ ጥንቱ እጄን ሳይሆን ፊቴን ነው የሚያዩት።

ምን እንደፈለጉ ያወቅኩ መሰለኝ። አንድ ሰው፣ አንድ እጅ፣ ያንን ዋጋ ተቀብሎ ሲጨብጥላቸው ማየት ፈልገው ነው ብዬ አሰብኩ። ባለኝ ኃይል ጨበጥኳቸው። ገዛሁ። ስምንት ሺህ አራት መቶውንም በአሥራ አራት ገዛሁ። እንዲህ ያለ ገንዘብ የለኝም፤ በዚያች ደቂቃ ግን ቢሉኝ ቤት ለቤት ለምኜ አመጣው ነበር። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ጋሽ ደጀኔ መዳፋቸውን ጠፍ አላደረጉም። መኪና በገዙ ቀን ያየሁትን ፈገግታ ፈገግ አሉ፣ ከዚያም ከትንሿ ጣቴ ጀምረው ጭብጤን አንድ በአንድ ፈቱት።

«የገዛሽው አንቺ አይደለሽም ልጄ» አሉ። ትንሽ ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ለአልማዝ ንገሪያት። ሳሚ አልቀደመም።»

እትዬ አልማዝ ውሃውን ይዘው ገቡ። ዓይኔን ጠረግኩ፣ ተነስቼ ቆምኩ። «እትዬ አልማዝ» አልኩ፣ «ያን ቀን ሳሚ አልቀደመም።»

ውሃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ቀድሟል ያልሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ ሩት?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እውነት ጠፍቷቸው ነው የጠየቁኝ።

እሳቸው እንዲመልሱልኝ ወደ ጋሽ ደጀኔ ዞርኩ። ፎጣዋን ደረታቸው ላይ ዘርግተው ማጣጠፍ ጀምረዋል፤ ጠርዟና ጠርዟ አልገናኝ አላቸው። ልረዳቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ተይው፣ እኔ አጣጥፋታለሁ» አሉኝ።